የዳቡስ ጥቁር አሸዋ

አዲሱ ክልል ቢሮዎቹን ገና በወጉ ሳያደራጅ ነበር ሐዊ ከባምባሲ መጥታ አሶሳ የተቀጠረችው። ሥራዋ ከአዲስ አበባ በተላከ የሳተላይት ፎቶ ላይ የዳቡስን ወንዝ ጥልቀት በቀለም እርሳስ መለየት ነው። በበጋ ውሃው ስለሚጠራ ብርሃን ወለሉ ድረስ ይዘልቃል፤ የነጣው ቦታ ስስ ውሃ፣ የጠቆረው ጥልቅ ነው ተብላ ተምራለች። ወንዙ ማዶ ያሉ እርጉዞች ምጥ ሲጠናባቸው በታንኳ ይሻገራሉ፤ ሳይደርሱ የቀሩም አሉ። ለማዶው መንደር ክሊኒክ ተፈቅዷል፣ ግን ዕቃ የጫነ መኪና የሚሻገርበት እስከ የካቲት ካልተገኘ ወደ ሌላ ወረዳ ሊዛወር ነው።

ሐዊ ዓይኗ እስኪቀላ ፎቶውን መረመረች። አንድ ቦታ ሁለቱም ዳር ነጥቷል፤ መሃሉ ላይ ግን ጥቁር ሰንበር ተጋድሟል። ጥልቅ ነው ብላ ሰማያዊ ቀባችው። አለቃዋ አቶ ገላውም ካርታውን አይተው ጉዳዩ ይዘጋ አሉ። መርዶውን ለመንደሩ ሰዎች ራሴ ልንገር ብላ አስፈቅዳ ወደ ወንዙ ወረደች።

ስትደርስ ዓይኗን ማመን አቃታት። ሰማያዊ በቀባችው ቦታ መሃል ሴቶች ቆመው ወርቅ ያጥባሉ፤ ውሃው ከጉልበታቸው አላለፈም። ማሪያም የሚባሉ የማዶ መንደር የበርታ እናት ግራ መጋባቷን አይተው ሣቁ፤ አማርኛቸው ወንድና ሴት አይለይም።

«ጥቁር አሸዋ ነው ልጄ። ወርቅ ከእሱ ጋር ይተኛል። ስንዝር ቆፍር፣ ድንጋይ ነው።»

ቢሮው ሽማግሌ ሰብስቧል፣ ታንኳ ቀዛፊ ጠይቋል፤ ዕድሜያቸውን ውሃ ውስጥ የጨረሱትን ሴቶች ግን ማንም አልጠየቀም። ያናድዳል! ፎቶው አልዋሸም፤ ጥቁሩን ሁሉ ጥልቅ ያለችው ሐዊ ናት። አፈረች፣ ከሐፍረቷ ግን ደስታዋ በለጠ። ሦስት ቀን ሙሉ ከሴቶቹ ጋር ወንዙን በእንጨት እየለካች ጥቁር አሸዋውን ከእውነተኛው ጥልቅ ለየች። አሶሳ ተመልሳ ፎቶውን እንደገና ስታየው ሌሎች ሁለት መሻገሪያዎችም ወጡላት፤ አቶ ገላውም የተዘጋውን ጉዳይ እንደገና ከፈቱ።

በየካቲት መጀመሪያ ቆርቆሮና ሲሚንቶ የጫነው መኪና ዳቡስ ዳር ቆመ። ሾፌሩ ውሃውን አይቶ አልገባም አለ። ሐዊ ጫማዋን አውልቃ፣ ካርታዋን ይዛ ገባች፤ ማሪያም ከጎኗ ሆኑ። ሾፌሩ አፍሮ ተከተላቸው። ውሃው ከጎማው እኩሌታ ሳያልፍ መኪናው ማዶ ወጣ፣ እልልታው ቀለጠ። አቶ ገላው ሱሪያቸውን ጠቅልለው ከኋላ ሲሻገሩ ሐዊን እጅ ነሷት።

ማሪያም ቆርቆሮውን በእጃቸው ዳሰሱ።

«አሁን ልጅ ይወለዳል» አሉ፣ «እናቱም ይኖራል።»