እዚህ ነበርክ

«መጥተዋል» አለችው ረፊቃ ንፍሮውን በሳህን እያቀበለችው። «ቀና በል፤ መሬት መሬት አትይ።»

ደምለው ቀና ሲል አባ ቢሆነኝ ከዳሱ አፍ ላይ ቆመዋል። ከሽንፋ ሸሕዲ ከተማ ድረስ በጭነት መኪና ሲመጡ ቅንድባቸው ሳይቀር አቧራ ለብሷል። በአንድ እጃቸው የእርሻ ጥበቃ ዱላቸውን ይዘዋል፤ በብብታቸው የታጠፈ አረንጓዴ ፎጣ ሸጉጠዋል። ሦስት ቀን ሙሉ «ይመጡ ይሆን?» «ምን ብለው፣ የልጃቸው ደም ያለበት ቤት!» ሲል የከረመው ለቀስተኛ ሁሉ አቀረቀረ። ሐሜተኛ ያማው ሰው ፊቱ ሲቆም የሚያየው የራሱን ጫማ ነው፤ ዳሱ ውስጥ ያለው ወንድ በሙሉ ጫማውን ማየት ጀመረ።

ዳሱ መሃል በቆመው እንጨት ላይ የደምለው ታላቅ ወንድም፣ የሟቹ የአለምሰገድ ኮት ተሰቅሏል። ድሮ የሟች ፈረስ ተጭኖ ይወጣ ነበር ይላሉ። አለምሰገድ ግን ትራክተር ነጂ ነበርና ኮቱ አንገትጌ ላይ ያንጠለጠሉለት የትራክተር ቁልፍ ነው። የመጣ ሁሉ ለኮቱ ጎንበስ ሳይል አይቀመጥም። አባ ቢሆነኝ አልጎነበሱም። አልፈውት ሄደው አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጡ፤ ንፍሮ ሲቀርብላቸውም ሳህኑን በእጃቸው ጀርባ መለሱት።

«ቅመሱ እንጂ አባቴ» አሉ የሟቹ እናት እማማ መንበረ።

«ለቅሶ ልደርስ አልመጣሁም። መሞቱን በዓይኔ ልይ ብየ ነው።»

«ልጄ ሁለት ዓመት ታሰረ። ይኸው ደግሞ ወባ በሦስት ቀን ጥሎት አፈር ገባ። ከዚህ ወዲያ ከኔ ምን ይሻሉ?»

«የኔስ ልጅ አፈር እንኳ መች አገኘ።»

የሽንፋ ወንዝ የአባ ቢሆነኝን ልጅ ስመኘውን ከትራክተር ተሳቢ ላይ ከወሰደው አራት ዓመት ሆነው። አባቱ ሬሳውን ፍለጋ ከጎጃም ወርደው፣ ሲያጡት ወንዙ ዳር ካለ እርሻ ጥበቃ ተቀጥረው ቀሩ። ለቅሶም አልተቀመጡም፤ ሬሳ ሳላይ ለማን ላልቅስ አሉ። ትራክተሩን ሲነዳ የነበረው አለምሰገድ ነው ተባለ፤ እሱም አዎ፣ እኔ ነኝ አለ፤ ታስሮ ወጣ። የሞተርን ሕመም በጆሮው ብቻ የሚያውቀውን ሰው ሸሕዲ ረስታ፣ «ያ ልጅ ያስበላው» ስትለው ኖረች። እሱም ከዚያ ወዲህ መሪ አልጨበጠም።

ደምለው ግን ሞተር በሰማ ቁጥር ውሃ ይሰማው ነበር። እንቅልፍ አልወስድ ሲለው አምና ወደ ረፊቃ ሄደ። ረፊቃ የጤና ጣቢያ ነርስ ናት፤ ከሱዳን ጦርነት ሸሽተው ለሚመጡት ብላ የተማረችው የጭንቀት ሕክምና አላት።

«የሚያስጨንቅህን ነገር እንደ ሥዕል በልብህ ያዘው» አለችው። «ለኔ መናገር የለብህም። ጭንቅላትህ ሳይነቃነቅ ዓይንህ ጣቴን ይከተል።»

ሁለት ጣቷ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ተመላለሰ።

«ከአሥር ስንት ያስጨንቅሃል?»

«ዘጠኝ።»

ስድስት ጊዜ ሄደ፤ ስድስቱንም ጊዜ ዘጠኝ። ከካርቱም ልጇን ቀብራ የመጣች ሴት እንኳ ወደ ሦስት ወርዳለች። ረፊቃ ግራ ገባት።

«ሥዕሉ ውስጥ አንተ የት ነህ?»

«ፓራፋንጎው ላይ፣ ከጎማው በላይ ተቀምጫለሁ። ወንድሜ ይነዳል።»

«እጆችህስ ምን ይዘዋል?»

ደምለው እጆቹን አየ። ከደረቱ ፊት ለፊት አየር ላይ፣ ክብ ነገር ጨብጠው ነበር። ረፊቃ ጣቷን አወረደች።

«ላም ባልዋለበት ኩበት ስንለቅም ከርመናል፣ ደምለው። ይኸ ሕክምና የሚሠራው ባየኸው ላይ ነው። እውነተኛውን ስትይዝ ተመለስ።»

አልተመለሰም።

አሁን ዳሱ ውስጥ፣ የንፍሮውን ሳህን በሁለት እጁ እንደ መሪ ጨብጦ መያዙን አየ። ረፊቃም ከሴቶቹ መሃል ሆና እጁን ታያለች። ፈርቷል። ከተናገረ እስር ቤት አለ፤ እናቱ ሁለተኛ ልጃቸውን ያጣሉ። ዝም ካለ ወንድሙ ነፍስ እንዳጠፋ ሰው ስሙ ጎድፎ ይቀራል።

ከአራት ዓመት በፊት፣ ነሐሴ ላይ ነበር። አለምሰገድ ጥልቀቱን በዱላ ሊለካ ወንዙ ውስጥ በእግሩ ገባ። «እጄን ሳላነሳ እንዳትነቃነቅ» አለው። ደምለው አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ መሪውን ይዟል፤ ወንዙ የጎደለ መሰለው። እጁን ሳይጠብቅ ነዳ። ጎርፉ ተሳቢውን መትቶ ገለበጠው። ተሳቢው ላይ የነበረው ስመኘው ብቻ ነው፤ ያን ቀን ሥራ ጨርሶ ወደ አገሩ ሊገባ ነበር። አለምሰገድ ውሃውን ጥሶ ትራክተሩ ላይ ወጣ፣ ሞተሩን አጠፋ፣ ቁልፉን ነቅሎ ኪሱ ከተተ። ደምለውን በብብቱ አንስቶ ፓራፋንጎው ላይ አስቀመጠው። «እዚህ ነበርክ» አለው። «ሰማኸኝ? እዚህ ነበርክ።»

ደምለው ሳህኑን መሬት ላይ አስቀመጠ።

«አባ ቢሆነኝ» አለ። «መሪውን የያዝኩት እኔ ነበርኩ።»

«ደምለው፣ ተቀመጥ» አሉ እናቱ በቀስታ። አልጮኹም፣ አልደነገጡም። ያን ጊዜ ገባው። እናቱ ያውቃሉ፤ አራት ዓመት ሙሉ ያውቁ ነበር።

«ወንድሜ ቆይ ብሎኝ ነበር። አልቆየሁም። ቁልፉን እሱ ወሰደ፣ እስሩንም እሱ ታሰረልኝ።»

አባ ቢሆነኝ ዱላቸውን በሁለት እጃቸው ጨበጡ።

«ምን ይል ነበር?» አሉ። «ስመኘው። ወንዙ ሳይወስደው።»

«ያፏጭ ነበር። አገሬ ልገባ ነው እያለ።»

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። ተነሱ። ሁለት ወንዶች አብረዋቸው ተነሱ፤ ዱላውን ፈርተው ነው። እሳቸው ግን ወደ ደምለው አልሄዱም። ኮቱ ፊት ቆመው ጎንበስ አሉ፤ እጅጌውን ይዘው ሳሙት።

«አራት ዓመት አንተን ረገምሁ፣ ልጀ» አሉት። «ይቅር በለኝ።»

ከአንገትጌው ላይ ቁልፉን ፈትተው ለደምለው መዳፉ ላይ አኖሩለት።

«ነገ ጧት ፖሊስ ጣቢያ አብረን እንሄዳለን።»

«እሺ አባቴ።»

«ዛሬ ግን ለቅሶ ነው።»

በብብታቸው የሸጎጡትን አረንጓዴ ፎጣ አወጡ። ስመኘው ወንዝ በወሰደው ቀን፣ ሲያድርበት በነበረው ጎጆ ውስጥ ረስቶት የሄደው ነው። ቁልፉ ከነበረበት ቦታ፣ ኮቱ አንገትጌ ላይ አንጠለጠሉት። እማማ መንበረ ቦታ ለቀቁላቸው፤ እሳቸው ግን ወዲያው አልተቀመጡም። ፎጣው ወደ አንድ ጎን አዘንብሎ ነበርና ተመልሰው ጫፉን አቃኑት።