በርሜሉ ውስጥ የነበሩት

አክስቱ ገበያ በወጣችበት ጠዋት ነው በርሜሉን ያየው። ፎሶሊያው ማሳ ዳር ቆሟል፤ አፉ በስስ ሻሽ ታስሯል፤ ውስጡ ትል በሰረሰረው ቅጠል ጢም ብሏል። ቅጠል ሰርሳሪ ዝንብ ልጆቿን ያሳደገችበት ነጭ ጠመዝማዛ መንገድ በየቅጠሉ ላይ ይታያል። ተባይ በርሜል ሞልቶ ማሳ ዳር ማስቀመጥ ምን የሚሉት ሞኝነት ነው? ስምንት ዓመት ባሕር ማዶ የተማረ ሰው ይህን አይቶ አያልፍም። ናፍጣ አርከፈከፈበትና ክብሪት ጫረ። ከሻሹ በላይ የሚያንዣብቡትን ትንኝ የሚያካክሉ ጥቋቁር ነፍሳትም በባርኔጣው እየመታ አባረረ።

አክስቱ ስትመለስ ትመርቀኛለች ብሎ ጠበቃት። እሷ ግን ቅርጫቷን አስቀምጣ አመዱን ቆማ አየችው። ከዚያ ረጋ ብላ አስረዳችው። ዝንቧ ወፍራም ስለሆነች በሻሹ አታልፍም፤ ከሻሹ በላይ ስታንዣብብ የነበረችው ጥቁር ተርብ ግን ቀጭን ናት፣ ሾልካ ትወጣለች። ወጥታም ቅጠል ውስጥ በተሸሸገው ትል ላይ እንቁላሏን ትጥላለች፤ ልጇም ትሉን በልታ ታድጋለች። አክስቱ ሦስት ዓመት ሙሉ መድኃኒት ሳትረጭ የከረመችው በዚህ ነው።

እሱ ከዚህም በላይ ያውቅ ነበር። የመመረቂያ ጽሑፉን የጻፈው በዚያችው ተርብ ላይ ነው። የክንፏን ጠጉር ሳይቀር በማይክሮስኮፕ ቆጥሯል። በሕይወት እያለች አፍንጫው ሥር ስትበር ግን አላወቃትም።

ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ፎሶሊያው ነጭ መስመር በመስመር ሆነ። ችግኝ የሚያፈላው ጎረቤታቸው አጥሩን ተደግፎ የበርሜሉ ቅጠል የት እንደገባ ጠየቀ። ያቃጠለው እሱ ግን ጫማውን ማየት ጀመረ።

«አቃጠልኩት፤ እርጅና ነው መቼስ፣ ከቆሻሻ ጋር ተምታታብኝ» አለች አክስቱ።

«ዶክተሩ እቤትሽ ተቀምጦ? የተማረ ይግደለኝ ይባል የለ እንዴ፣ አማክሪው እንጂ» ብሎ ጎረቤቱ ሳቀ።

እሱም አብሮ ሳቀ።

ጎረቤቱ ሲሄድ አክስቱ ባዶ ጆንያ ሰጠችው። የእነሱ ማሳ ላይ ተርብ ስለጠፋ፣ ከየሰዉ ማሳ የተሰረሰረ ቅጠል ለምኖ በርሜሉን እንደገና እንዲሞላ ነገረችው። ሰዎቹ የእናንተው የት ደረሰ ቢሉኝ ምን ልበል አላት።

«እሱን አንተ ታውቃለህ፣ ልጄ። እኔ የበኩሌን ዋሽቻለሁ።»

የመጀመሪያው በር የጎረቤቱ ነበር። ሰውየው ጆንያውን አይቶ አክስትህ ደግሞ ምን አቃጠለች ሲለው፣ ጆንያውን መሬት ላይ አስቀመጠ።

«እሷ አላቃጠለችም። እኔ ነኝ። የተማርኩት ስለዚያች ተርብ ነበር፤ ሳያት ግን አላወቅኋትም።»

ጎረቤቱ አልሳቀም። ቢስቅበት ይሻለው ነበር። ወደ ቲማቲሙ ማሳ መራው፤ ጎን ለጎን አጎንብሰው መልቀም ጀመሩ። ዶክተሩም እያንዳንዱን ቅጠል ጆንያው ውስጥ ከመክተቱ በፊት ከፍ አድርጎ እያሳየ፣ «ይሄስ ይሆናል?» እያለ ይጠይቅ ነበር።