የካልጋሪው ደብዳቤ

ሎርን ምስጢር ሆዱ ውስጥ አያድርለትም። ደብዳቤው በመጣ ዕለት እንኳ ለልጁ ለኪገን ሳይሰጠው ነው ከፍቶ አንብቦ የጨረሰው። «ችሎታህ ዓይናችን ገብቷል፤ ካልጋሪ ለምናካሂደው የበረዶ ሆኪ ተጫዋቾች መምረጫ ካምፕ መርጠንሃል» ይላል። ከታች ደግሞ የመመዝገቢያው ዋጋ በደቃቅ ፊደል ተጽፏል። ሎርን ትልልቁን ፊደል አነበበ።

ብራምዊክ ሰባት መቶ ሰው፣ አንድ የእህል ጎተራና አንድ የሆኪ የበረዶ ሜዳ ያላት፣ በካናዳ ሳስካችዋን ክፍለ ሀገር የምትገኝ መንደር ናት። ቅዳሜ ጨዋታ ሲኖር በእረፍት ሰዓት ማይክ ይዞ ለቡድኑ ገንዘብ ማሰባሰቢያ የሚሸጠውን የሎተሪ ዕጣ ቁጥር የሚያነበው ሎርን ነው፤ አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ማንም አልቀማውም። የዚያን ቅዳሜ ግን ከዕጣው በፊት ደብዳቤውን አነበበ። «የእኔ ኪገን ተመርጧል! ከዚህ ሁሉ ልጅ!» አለ። ይሄ ሳያንሰው ጎረቤቱን ኦረስትን ከላይ ከማይኩ ክፍል ሆኖ አየውና፣ «አይዞህ ኦረስት! ያንተም ታይሰን ቢያንስ የውሃ ጠርሙስ ይይዝለታል!» ብሎ አከለበት። ሰው ሳቀ። ኦረስትም ሳቀ።

በብራምዊክ ልጅ ሲጠራ የሚልከው መንደሩ ነው። ሴቶቹ አዳራሹ ውስጥ የስቴክ ጥብስ ራት አዘጋጁ፣ ሰው የራቱን ትኬት ገዛ፣ ለካምፑም ለሆቴሉም ለነዳጁም የሚሆን ገንዘብ ወጣ። ከሁሉ አብልጦ ትኬት የገዛው ኦረስት ነበር። ሎርን ያን ጊዜ «አይ ቅናት! እንዳይታወቅበት ነው» ብሎ በልቡ ታዘበው።

ስድስት ሰዓት ሙሉ ነድተው ካልጋሪ ደረሱ። ለኪገን የተሰጠው ማሊያ ቁጥሩ 173 ነበር። ሎርን መጀመሪያ ምንም አልመሰለውም። 190 የለበሰ ልጅ ሲመጣ፣ ኋላም አጥሩን ካልያዘ በረዶው ላይ መቆም የማይችል ልጅ 211ን ለብሶ ሲመጣ ግን የሚገባውን ልጅ ሁሉ መቁጠር ጀመረ። ላይ ከተቀመጡት ሁለት የተጫዋች መልማዮች አንዱ ስልኩን ይነካካል፣ ሌላው ሳንድዊች ይገምጣል። ኪገን በሁለት ቀን ሦስት ጊዜ ተጫውቶ አንድ ጎል አገባ። ብዕር ያነሣ ሰው አልነበረም።

ሎርን በሩ ላይ መዝገብ ይዛ የቆመችውን ወጣት ጠጋ ብሎ ጠየቃት።

«እህቴ፣ ይሄን ደብዳቤ ለስንት ልጅ ነው የላካችሁት?»

«ዕድሜው ለደረሰና ሊግ ውስጥ ለተመዘገበ ሁሉ ነዋ» አለች ፈገግ ብላ። «ለሚቀጥለው ዓመት አሁኑኑ ከተመዘገቡ ደግሞ ቅናሽ አለን።»

ጆሮው ጋለ። ማይኩ፣ ስቴኩ፣ እጁን እየጨበጠ «እንኳን ደስ ያለህ» ያለው ሰው ሁሉ በዓይኑ ዞረ።

 ሲመለሱ፣ መንገዱ ሊያልቅ ሲል ሎርን፣ «ኪገን፣ ደብዳቤው ለሁሉም ነው የተላከው» አለ።

«አውቃለሁ፣ አባዬ።»

«እንዴት ታውቃለህ?»

«ታይሰንም ደርሶት ነበር። አባቱ ቆሻሻ ማቃጠያው በርሜል ውስጥ ከተተው።»

«ታዲያ ምነው ሳትነግረኝ?»

ኪገን በመኪናው መስኮት ሜዳውን እያየ፣ «ልነግርህ ስመጣ ማይኩን ይዘህ ነበር» አለ። «ከዚያ በኋላማ ምን ልበልህ?»

ሎርን ከዚያ ወዲያ ያሰበው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሰው ሲጠይቀው ምን እንደሚል። እውነቱን ቢናገር የመንደሩ መሳቂያ ነው። ቢዋሽ ልጁ አጠገቡ ቆሞ ይሰማዋል።

የበረዶ ሜዳው ካንቲን ውስጥ ሰው እየጠበቃቸው ነበር። ድንች የምትጠብሰው ኢሊን ገና በሩን ሲከፍቱ፣ «እህሳ! ወሰዱት?» ብላ ጮኸች። ሎርን ወደ ልጁ ዞረ። ያኔ ኪገን አንድ እግሩን መጎተት ጀመረ።

«ጉልበቴን ተመታሁ» አለ። «ገና በመጀመሪያው ቀን።»

«እኔን! እኔን!» አለች ኢሊን፤ በረዶ በፎጣ ጠቅልላ አሰረችለት። ኦረስትና ሌሎቹ ወንበር ሳቡለት። ሎርን እውነቱን መናገር የነበረበት ያኔ ነው። እሱ ግን «አዎ፣ ክፉኛ ነው የመቱት» አለ። ልጁ ቀና ብሎ አላየውም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ጨዋታ ነበር። ከሆኪ ሌላ ነገር የማይወደው ኪገን ደኅና ጉልበቱን በፋሻ ጠቅልሎ ከተመልካች ጋር ተቀመጠ። ቡድኑ ሁለት ለዜሮ እየተመራ ነው። ሎርን በእረፍት ሰዓት ወደ ማይኩ ክፍል ሲወጣ ደረጃው ላይ ኦረስትን አገኘው።

«የልጁ ጉልበት እንዴት ነው?»

«ይሻለዋል። ትንሽ ጊዜ ነው።»

«ጥሩ» አለ ኦረስት። ከዚያ ግራ ቀኙን አይቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ለልጁ ንገረው፤ ያን ዕለት ሲያነክስ የነበረው በግራው ነው። ዛሬ ፋሻው ቀኙ ላይ ነው። ኢሊን እንዳታይበት።»

አላሾፈበትም። ቢያሾፍበት ይሻለው ነበር።

ሎርን ማይኩ ፊት ተቀመጠ።  የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ የእሱ ወለምታ ደግሞ ያሳነከሰው ልጁን ነው።

የዕጣውን ቁጥር አነበበ። ማይኩን ግን አላጠፋውም።

«ሌላም ነገር አለኝ» አለ። «ያ ደብዳቤ ለሁሉም ነው የተላከው። ታይሰንም ደርሶታል። ኦረስት በርሜል ከተተው፣ እኔ እዚህ ተቀምጬ አነበብኩላችሁ። ታይሰን፣ ስለ ጠርሙሱ ይቅርታ አድርግልኝ። እናንተንም በከንቱ ትኬት አስገዛኋችሁ።» ማይኩን ጠጋ አደረገው። «የኪገን ጉልበት ደኅና ነው። ያነከሰው ለእኔ ብሎ ነው።»

 ከታች አንድ ሰው «ኧረ ስቴኩስ ጥሩ ነበር!» ብሎ ጮኸ፤ ጥቂቶች ሳቁ። ኪገን ፊቱ ቀልቶ ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ ጎተተ። ሎርን በመስታወቱ ውስጥ ሆኖ ያየዋል፤ ልጁ ግን ወደ ላይ አላየም። ጎንበስ ብሎ ፋሻውን ፈታ፣ ጠቅልሎ ኪሱ ከተተው፣ ተነሣና ያን ሁሉ ደረጃ በሁለት እግሩ ቀጥ ብሎ ወደ ቡድኑ ክፍል ወረደ።