ውኃ ያልነካው

"ጠጣ እንጂ ዶን ኤፒፋኒዮ! ወጥ ሠርቶ የማይቀምስ ወጥ ሠሪ በዚህ ዕድሜዬ ገና ዛሬ ማየቴ ነው።"

ባራሃስ ይህን ብሎ ትንሿን ብርጭቆ በጠረጴዛው ላይ ወደ ኤፒፋኒዮ ገፋት። ሰውየው ጓዳላሃራ ከተማ ውስጥ ስማቸው የታወቀ መጠጥ ቤቶች ያሉት ነጋዴ ነው፤ ማልዶ ተነሥቶ እስከዚህ ገጠር ድረስ የነዳው ከኤፒፋኒዮ ተኪላ ሊገዛ ነው። ኤፒፋኒዮ እጁን ከብርጭቆዋ አራቀ።

"አይጠጣም፤ ምሏል" አለ ታናሽ ወንድሙ ሴፌሪኖ፣ የቤተሰብ ገበና የሚያወጣ ይመስል ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

"ምሏል?"

"ለእመቤታችን፣ ለጓዳሉፔዋ። ታኅሣሥ ላይ በዓሏ እስኪደርስ አንዲት ጠብታ በአፌ አትዞርም ብሎ ቄሱ ፊት ተንበርክኮ ምሏል።"

ባራሃስ ሳቁን ለቀቀው። "ተኪላ አውጪው ከተኪላ ተገዘተ በሉኛ! ይሄንንስ ከተማ ስመለስ አወራዋለሁ።"

ሦስቱ የተቀመጡት ከተኪላ ማውጫው ቤት ደጃፍ ነው። ከጀርባቸው ተኪላው እየተነነ የሚወጣበት የመዳብ ጋን ያጉረመርማል፤ አሮጌው ሠራተኛ ቻኖ እሳቱን እየቆሰቆሰ ይጠብቀዋል። ጠረጴዛው ላይ ያለው ጠርሙስ የዓመቱ የመጀመሪያ ምርት ነው። አጋቬው፣ ተኪላ የሚሠራበት እሬት መሰል ተክል፣ እንደ አባታቸው ዘመን በጡብ ምድጃ በስሎ፣ በድንጋይ ወፍጮ ተፈጭቶ፣ ከነቃጫው በእንጨት በርሜል ፈልቶ፣ ሁለት ጊዜ በመዳቡ ጋን የወጣ ነው። እስከ አምና ድረስ በመጨረሻ ውኃ እየጨመሩ የአልኮል ኃይሉን ወደ አርባ ዲግሪ ያወርዱት ነበር። ዘንድሮ ግን ኤፒፋኒዮ እንደወጣ ተወው። አባቱ እንዲያ ነበር የሚሸጠው፤ እሱም ሳይሞት አንድ ጊዜ እንዲያ ሊሸጥ ፈለገ። ሃምሳ አምስት ዲግሪ ነው፤ ቀልድ አይደለም።

ባራሃስ ቀምሶታል። ቀምሶ ሲያበቃ ዓይኑ እንባ አቅርሮ፣ ፊቱ ቲማቲም መስሎ፣ ደረቱን እየደቃ አስሏል።

"እሳት እኮ ነው!" አለ አሁን ጉሮሮውን እየጠራረገ። "የኔ ደንበኞች ወጣቶች ናቸው። ለስለስ ያለ፣ ጣፈጥ ያለ ነገር ነው የሚፈልጉት። ውኃ ጨምራችሁ አርባ አድርሱት፣ ትንሽ ሽሮፕ ጣል አድርጉበት፤ ያላችሁን ሁሉ አነሣለሁ።"

ሴፌሪኖ ፊቱ በራ። የሚጨመረውን ውኃ እንኳ ከጠዋት ጀምሮ በባልዲ በባልዲ ሞልቶ ደጃፉ ላይ ደርድሮታል። ኤፒፋኒዮ ሲመጣ አይቶ እንዳላየ አልፎታል።

"ውኃ አይነካውም" አለ ኤፒፋኒዮ።

"ለምን?"

"እንዲሁ ጥሩ ስለሆነ።"

"በምን አወቅህ?" አለው ባራሃስ። "ቀምሰኸዋል?"

ይህቺ ነገር ኤፒፋኒዮን አንጀቱ ድረስ ገባች። እውነት ነው፤ አልቀመሰውም። ከማለ ወዲህ ሥራውን የሚሠራው በመዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ፣ አሽቶ፣ እያሸተተ ነው። ነገር ግን ሽታ ደጅ ነው፤ ቤቱ ምላስ ነው። ይህንን ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

ሴፌሪኖ ክንዱን ይዞ ወደ ወፍጮው ጥግ ወሰደው።

"ጋሼ፣ አንዲት ጉንጭ ብቻ። እመቤታችን ለአንዲት ጉንጭ ከዙፋኗ አትነሣም። ቅመስና አፍህን ሞልተህ ተከራከረው።"

"ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው ሴፌሪኖ። ምያለሁ።"

"እንግዲያው አፍህ ያልነካውን ነገር አፍህ አይሟገትለትም! ወይ ቀምሰህ 'እንዲህ ነው' በለው፣ ወይ እኔ ውኃዬን ልጨምር። እኩሌታው የኔ ነው።"

ኤፒፋኒዮ ተመልሶ ተቀመጠ። ብርጭቆዋ እዚያው አለች። ሽታው ሽቅብ ይመጣል፤ ምራቁን ዋጠ። ይህንን ነው በራሱ ላይ የሚጠላው። ሰው ፊት ተኪላውን ለማስከበር ይሟገታል፤ ውስጥ ውስጡን ግን ዝም ብሎ አማረው።

የማለበትን ምክንያት አልረሳም። በፋሲካ ማግስት ከአክስቱ ልጅ ሠርግ ሲመለሱ ሰክሮ መኪናውን ቦይ ውስጥ ከተተው፤ አጠገቡ የነበረችው ሚስቱ ኦቲሊያ ክንዷ ተሰበረ። እናቷ ቤት ገብታ፣ ከተዘጋ በር ጀርባ ሆና "በዚህ እጄ ቶርቲላ መጋገር እስክችል ፊትህን አታሳየኝ" አለችው። ሳትረግመው፣ ድምፅዋን እንኳ ከፍ ሳታደርግ። በማግሥቱ ሄዶ ማለ፤ በመሐላው ተመለሰችለት። አሁን ቢቀምስ እሷን ሊያጣ ነው፤ ባይቀምስ ደግሞ ዕድሜ ልኩን ሊሠራው የተመኘውን ተኪላ ዓይኑ እያየ ውኃ ሊደፉበት ነው።

ጣቶቹ ብርጭቆዋን ነኩ።

"ምሳ" አለ አንድ ድምፅ ከኋላው።

ኦቲሊያ ነበረች። ቅርጫቷን በደህናው ክንዷ አንጠልጥላ ቆማለች። ብርጭቆዋን አየች፤ ጣቶቹን አየች፤ ፊቱን አየች።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"አልጠጣሁም።"

"ልትጠጣው ነበር?"

ኤፒፋኒዮ ሚስቱን ዋሽቷት አያውቅም ቢባል ውሸት ነው። ዛሬ ግን አልዋሸም። "ሳልጠጣው አልቀርም ነበር" አለ።

ሴፌሪኖ ፈጠን ብሎ የሆነውን ሁሉ ነገራት፦ ነጋዴው ውኃ ይጨመር ማለቱን፣ ወንድሙ እምቢ ማለቱን፣ ሳይቀምስ እምቢ ማለቱንም ጭምር።

"እንግዲህ ዶኛ" አለ ባራሃስ ፈገግ ብሎ፣ "ለአንድ አፍታ ባልሽን ከመሐላው ፍቺልን።"

"የማለው ለኔ አይደለም። ይፈታ ከሆነ እሷን ይጠይቋት" አለች ኦቲሊያ፣ ምድጃው በር ላይ የተቸነከረችውን የእመቤታችንን ሥዕል በአገጯ እያመለከተች። ከዚያ ቅርጫቷን አስቀመጠች። እጇን በሽርጧ ጠረገችና ብርጭቆዋን አነሣች። "እንዴት ነው የሚቀመሰው?"

ኦቲሊያ በሠርጓ ቀን እንኳ መጠጥ ከንፈሯን ያላስነካች ሴት ናት፤ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

"ኦቲሊያ፣ ተዪው" አለ ኤፒፋኒዮ።

"እንዴት ነው የሚቀመሰው ነው ያልኩህ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል፤ ከደረሰ ደረሰ ነው።"

"በአፍንጫሽ አየር ሳቢ" አላት ቀስ ብሎ። "ትንሽ ብቻ ጠጪ። ምላስሽ ላይ አንከባልዪውና ዋጪው። ከዚያ በአፍሽ ተንፍሺ፤ እሳቱ ይወጣል።"

እንዳላት አደረገች። ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ፤ ጠረጴዛውን በመዳፏ ጠፍ ጠፍ አደረገች፤ እንባዋ በጉንጯ ወረደ። ግን አላሳለችም።

"ታዲያ ተናገሪ እንጂ!" አለ ሴፌሪኖ።

"ዝም በል እስኪ፣ መጠጡ ገና እየተናገረ ነው።"

ኦቲሊያ ዓይኗን ጨፍና አፏን ስታላምጥ ቆየች።

"መጀመሪያ ነከሰኝ" አለች በመጨረሻ። "አሁን የምድጃው በር ሲከፈት የሚሸተው መጣ፣ የበሰለው አጋቬ። ከሱ ቀጥሎ የሎሚ ልጣጭ ነገር። አሁን ደግሞ ዝናብ የመታው ቀይ አፈር። የኛው እርሻ ነው፣ ኤፒፋኒዮ። አፈራችንን ጠጣሁት።"

ኤፒፋኒዮ ያሰበው፣ የተመኘው፣ በአፍንጫው ብቻ ሲጠረጥረው የከረመው ይኸው ነበር።

"ያቃጥላል ግን፣ አያቃጥልም?" አለ ባራሃስ።

"ያቃጥላል። ማቃጠልማ አለበት።" ኦቲሊያ ብርጭቆዋን ጠቅ አድርጋ አስቀመጠች። "አንድ ነገር ልንገርዎት ጌታዬ። ያንን እርስዎ የሚሉትን፣ ለስላሳውን፣ ጣፋጩን እኔ አውቀዋለሁ። ባሌ የአክስቱ ልጅ ሠርግ ላይ ሲገለብጠው ያመሸው እሱን ነው። 'ቀላል ነው፣ ጭማቂ ነው፣ ምንም አያደርግም' ሲለኝ አመሸ። ይሄንን ክንዴን የሰበረው ያ ጭማቂ ነው! ይሄኛው ግን ገና ከንፈሬን ሲነካኝ 'ተኪላ ነኝ፣ ተጠንቀቂ' አለኝ። ይሄንን የሚጠጣ ሰው ሁለተኛው ላይ ወንበሩ ላይ ያንቀላፋል እንጂ መኪና ልንዳ አይልም። መጠጥ እጠላለሁ፤ የሚዋሽ መጠጥ ደግሞ ከሁሉ አብልጬ እጠላለሁ። ውኃ አይነካውም!"

ቻኖ ከውስጥ "እሰይ!" አለ። ባራሃስ ተነሥቶ ባርኔጣውን ደፋ።

"እኔ ተኪላ ልገዛ እንጂ ስብከት ልሰማ አልመጣሁም። ውኃ ከገባበት እወስዳለሁ፤ ካልገባበት አንድ ጠርሙስ አልነካም። የመጨረሻ ቃሌ ነው። አንተ ምን ትላለህ ዶን ኤፒፋኒዮ?"

ሴፌሪኖ ወንድሙን በልመና ዓይን አየው። ኤፒፋኒዮ ከመቀመጫው ተነሣ።

"ደህና ይሁኑ ሴኞር ባራሃስ" አለ። "መንገዱ አቧራ ነው፣ መስኮትዎን ይዝጉ።"

መኪናው ከአጋቬው ማሳ ማዶ ተሰወረ። ሴፌሪኖ አንዱን ባልዲ በእግሩ አንከባለለው።

"ካፈርኩ አይመልሰኝ አልክ አይደል? ልጆቼ ምን ይብሉ? የሚስትህን ስብከት?"

"ባቄላ ይበላሉ፣ ከኔ ልጆች ጋር። ሌላ ገዥ ይመጣል።"

"ላም አለኝ በሰማይ!"

"ዶን ኤፒፋኒዮ!" ሲል ቻኖ ተጣራ። "ጭራው እየደረሰ መሰለኝ። ልቁረጠው?"

ሁሉም ጋኑ ወዳለበት ገቡ። ጋን መጀመሪያ የሚሰጠው ክፉ ነው፣ ይደፋል። መካከሉ ልቡ ነው፤ የሚሸጠውም እሱ ነው። መጨረሻ ላይ የሚመጣው ጭራ ደግሞ ከልቡ ጋር ከተቀላቀለ ሁሉንም ያከረፋል፤ ስለዚህ ጭራው ሳይመጣ ቱቦውን ከበርሜሉ አንሥቶ መቁረጥ ያስፈልጋል። ቶሎ የቆረጠ ተኪላው ያንስበታል፤ የዘገየ ይበላሽበታል። "ቁረጥ" የሚለው ዋናው አውጪ፣ ኤፒፋኒዮ ብቻ ነው።

ኤፒፋኒዮ ከቱቦው በመዳፉ ተቀበለ፤ አሸ፤ አሸተተ። "ገና ነው" አለ። "ትንሽ ይቆይ።"

"ይቆይ እንጂ!" አለ ሴፌሪኖ። "ገዥ አባርረን ደግሞ ተኪላ እንድፋ?"

ኦቲሊያ ግን በዚያችው ብርጭቆ ከቱቦው ሥር ትንሽ ቀድታ ኖሮ ቀመሰች። ቀምሳም መሬት ላይ ተፋችው።

"ይሄስ የረጠበ ውሻ ነው" አለች።

"ለእኔ አፍንጫ ንጹሕ ነው" አለ ኤፒፋኒዮ።

"ለእኔ ምላስ ውሻ ነው።"

እንደገና አሸተተ። ጥሩ ነው። ይህ አፍንጫ በጎልማሳነቱ ሁሉ አሳስቶት አያውቅም፤ እሷ ደግሞ ተኪላ ከቀመሰች ገና ምሳ እንኳ አልተበላም። ኦቲሊያ አፏን በሽርጧ ጠርጋ አየችው። ተኪላው ወደ በርሜሉ ይወርዳል፤ ቻኖ እጁን ቱቦው ላይ አድርጎ ይጠብቃል።

ኤፒፋኒዮ መዳፉን ለሦስተኛ ጊዜ ወደ አፍንጫው ሲያስጠጋ ምራቁን ዋጠ፤ ያኔ ነገሩ ገባው። የእሱ አፍንጫ ከጠዋት ጀምሮ ሲመኝ የዋለ አፍንጫ ነው። የእሷ ምላስ ግን የሚመኘው ነገር የለም።

መዳፉን በሱሪው ላይ ጠረገ።

"ቁረጥ፣ ቻኖ" አለ። "ከእንግዲህም እሷ ቁረጥ ካለችህ እኔን አትጠብቅ።"