አበልጅ አልሆንም ያለው ሰውዬ

ልጇ ማታ የነገራት ሰውዬ በሩን ሲያንኳኳ ዶኛ ረፉሂዮ የስፌት መኪናዋን አላቆመችም። በመጋረጃው ጠርዝ አንድ ዓይኗን ብቻ አሾለከች። ንጹሕ ሸሚዝ፣ አቧራ የጠጣ ጫማ፣ ባዶ እጅ። መኪና የለውም፤ በአውቶቡስ ነው የመጣው።

«ከባሕር ማዶ የኳስ ክለብ ተላክሁ የሚል ሰው በአውቶቡስ!» አለች በሆዷ። ለፋብሪካው የምትሰፋውን የጫማ ቆዳ እስከ ጫፉ ሰፋች፣ ክሩን በጥርሷ በጠሰች፣ ከዚያ ተነሣች። ታክቶት ከሄደ ይሂድ። ካልሄደ ደግሞ አንድ የሚፈልገው ነገር አለ ማለት ነው።

አልሄደም።

ወንበር ሰጠችው፤ ውሃ አልሰጠችውም።

«ሊሳንድሮ ኦቾዋ እባላለሁ እሜቴ። ትናንት ሜዳው ላይ ልጅዎን አይቼው ነው የመጣሁት።»

«ልጄን ሁሉ ሰው ያየዋል። ሰፈሩ ትንሽ ነው።»

ሰውዬው ሣቀ፤ እሷ አልሣቀችም። እሱም ነገሩን ዘረዘረላት። ክለቡ ያለው አውሮፓ ነው፤ ሌዮን ከተማ ዳር ግን ለሜክሲኮ ልጆች ሜዳና ማደሪያ ሠርቷል። ጠዋት ትምህርት፣ ከሰዓት ኳስ። የበረታ አንድ ቀን ባሕሩን ይሻገራል። ጋማሊኤል ገና ዐሥራ አምስት ዓመቱን መያዙ ስለሆነ ጊዜው አሁን ነው አላት።

«እግሩን አይደለም ያየሁት» አለ ሊሳንድሮ። «ኳሱ ሳይደርሰው ለማን እንደሚሰጠው ያውቃል። ይሄን ማስተማር አይቻልም።»

«ስንት ታስከፍላላችሁ?»

«ምንም።»

«ለማልያውስ?»

«ምንም።»

«ለሚበላው?»

«ምንም አልኩዎት እኮ እሜቴ።»

ገንዘብ የሚጠይቅ ሌባ ታውቃለች። ባለፈው ዓመት አንዱ «የፈተና» ብሎ ከሰፈሩ እናቶች ለቃቅሞ፣ ልጆቹን አውቶቡስ ተራ ገትሯቸው ጠፍቷል። እሱስ ይሁን፣ ገንዘብ ይመጣል። ምንም የማይጠይቅ ሰው ግን የሚፈልገው ልጁን ራሱን ነው። እዚሁ ከሌዮን አጠገብ ባለችው ከተማቸው፣ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ «ሥራ አለ፣ ምግብና መኝታ በነጻ» ተብለው ሄደው የቀሩ ልጆች አሉ። እናቶቻቸው እሑድ እሑድ ፎቶግራፋቸውን ደረታቸው ላይ ሰቅለው ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ይቆማሉ። ዶኛ ረፉሂዮ በአጠገባቸው ስታልፍ ትጸልይላቸዋለች። ከጸሎቱ መሐል ግን «እኔን እንዲህ አታድርገኝ» የምትል ቃል እያመለጠቻት ታፍራለች።

«አስብበታለሁ» አለችና ሸኘችው።

ባሏ ከሞተ፣ ትልልቆቹ ልጆቿም አግብተው ከወጡ ወዲህ ቤቱ ውስጥ የቀሩት እሷና ጋማሊኤል ናቸው። ልጁ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ባቄላውን እንኳ አልነካም።

«ምን አልሽው እማዬ?»

«አስብበታለሁ አልኩት።»

«አንቺ አስብበታለሁ ካልሽ እኮ እምቢ ማለትሽ ነው!»

«ገብቶሃል ማለት ነው። ብላ።»

«መታወቂያውን አሳይቶኛል። ማኅተም አለው።»

«ማኅተም ገበያ ይሸጣል።»

በማግስቱ የባሏ እኅት ኦቲሊያ መጣች። ኦቲሊያ ደግ ናት፤ አፏ ግን አያርፍም። ነገሩን ሁሉ ሰምታ ጉልበቷን መታች።

«ይሄ ምን ያስጨንቃል? አበልጅ አድርጊው!»

«ምን?»

«ልጁ በሚመጣው ወር ሜሮን ሊቀባ አይደለም? አጠገቡ የሚቆም የክርስትና አባት ገና አላገኘሽለትም። ሰውዬውን ጠይቂዋ! ጳጳሱ ፊት እጁን ልጁ ትከሻ ላይ ጭኖ ‹አባቱ ነኝ› ካለ በኋላ ይሸጠዋል? ሌባ እንኳ አበልጁን አይነካም። የኔ ባል አበልጁን ፈርቶ አይደል ቁማር የተወው!»

«ደግሞ መቼ ተወ?»

«አበልጁ ባለበት ቤት ተወ አልኩሽ እንጂ!»

ዶኛ ረፉሂዮ ሣቀች፤ ነገሩ ግን ልቧ ውስጥ ገባ። ያገሯ ካቶሊክ እንዲህ ነው፤ ለክርስትናና ልጅ ካደገ በኋላ ጳጳስ ለሚቀባው ሜሮን ብቻ ሳይሆን ለሠርግ ኬክ፣ ለሰፈር ቡድን ማልያ ሳይቀር «አባት» ይፈልጋል። በዚህ የተሳሰረ ሰው ከወንድም ይበልጣል። የተጠየቀም እምቢ አይልም፤ ቢቸግረው ከጎረቤት ተበድሮም ቢሆን እሺ ይላል። እምቢ ያለ ሰው ታይቶ አይታወቅም። ካለም፣ እግዚአብሔር ፊት መቆም የሚያስፈራው ነገር በሆዱ አለ።

ስለዚህ ለሊሳንድሮ መልእክት ላከች፣ እሑድ ምሳ ጠራችው። ወጉ በሚለው መሠረት ቅርጫት አዘጋጀች፤ ጣፋጭ ዳቦ፣ ቸኮላት፣ አንድ ጠርሙስ ተኪላ። በእጇ የጠለፈችውን ነጭ ጨርቅ አለበሰችው። ቅርጫቱን የተቀበለ፣ አበልጅነቱን ተቀበለ። ኦቲሊያ ስኳር ልበደር መጣሁ ብላ ገብታ፣ ስኳሩንም ረስታ ከጋማሊኤል አጠገብ ተቀመጠች።

ሰውዬው ዶሮውን እስከ አጥንቱ በላ። አመስግኖ እጁን ሲያብስ ዶኛ ረፉሂዮ ቅርጫቱን ጉልበቱ ላይ አኖረችለት።

«እንግዲህ ዶን ሊሳንድሮ፣ ልጄን ከወደዱት የክርስትና አባት ይሁኑት። አበልጄ ይሁኑ።»

ሊሳንድሮ ቅርጫቱን ትኩር ብሎ አየው። እጁ ወደ ጨርቁ ሄደ፤ ሊገልጠው ነው ብለው ሦስቱም ጠበቁ። የተጨማደደውን ጫፍ አስተካከለና ቅርጫቱን መልሶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ እሜቴ። አልችልም።»

ኦቲሊያ አማተበች።

«ክርስቲያን አይደሉም?» አለች ዶኛ ረፉሂዮ።

«ነኝ።»

«ቤተ ክርስቲያን የከለከለዎት ነገር አለ?»

«የለም። እኔ ልጁን የምፈልገው ለሜዳው ነው። ሌላው ይቅርብኝ።»

«ይቅርብኝ?» አንቱታው ከአፏ ጠፋ። «ምግቤን በልተህ፣ ልጄን ልውሰድ ብለህ፣ አበልጅነቴ ይቅርብህ? ምን አስበህ ነው? ውጣ ከቤቴ!»

ሰውዬው ባርኔጣውን አንሥቶ ወጣ።

«ወይኔ፣ ጠርሙሱን እንኳ ሳያየው!» አለች ኦቲሊያ። ማንም አልሣቀላትም።

ጋማሊኤል ከዚያ ቀን ወዲህ እናቱን ማናገር ተወ። ኳሱን አልጋ ሥር ከተተው፤ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ግድግዳ እያየ ይቀመጣል። ጓደኞቹ ከደጅ «ጋማ! ጋማ!» እያሉ ቢጠሩት አይወጣም። ዶኛ ረፉሂዮ ልቧ ተረጋግቶ ነበር፤ በጊዜ ነቃሁበት ብላ እመቤታችንን አመስግናለች። የልጁ ዝምታ ግን አንጀቷን በላው።

«ተናገር እስቲ፣ ድዳ ሆንክ?» አለችው አንድ ጠዋት።

«ምን ልናገር? ሳያዩ መፍረድ ኃጢአት ነው ትይ የለ? ሄደሽ አይተሻል?»

«ሄጄ ጉዱን አወጣለሁ» አለች ለራሷ። ሐሙስ ለኦቲሊያ እንኳ ሳትነግር ሌዮን ሄደች። ያጠያየቀችው ሁሉ መንገዱን ያውቀዋል፤ ይሄም አላረጋጋትም። ደርሳ ስታይ ግንቡ ረጅም ነው፣ አናቱ ላይ እሾሃማ ሽቦ አለው።

«ይሄ ሽቦ ሌባ እንዳይገባ ነው ወይስ ልጅ እንዳይወጣ?» አለችው ዘበኛውን።

«ቀጠሮ አለዎት እሜቴ?»

«እናት በቀጠሮ ነው እንዴ?»

ዘበኛው ሊጠይቅላት ወደ ውስጥ ሲገባ ቆማ አልጠበቀችም። ፊት ለፊት ለእንግዳ የተሰናዳ ነው፤ የቤት እውነት ያለው በጓሮ ነው። ግንቡን ተከትላ ዞረች። ከኋላ ግንቡ አልቆ የሽቦ አጥር ይጀምራል። ከአጥሩ ወዲያ አንዲት ወፍራም ሴት ልብስ ታሰጣለች፤ ካልሲ በካልሲ ላይ፣ ሰማዩን የሸፈነ ካልሲ።

«እንደምን ዋልሽ እኅቴ» አለች ዶኛ ረፉሂዮ። ቀጥላም «አምላኬ ይቅር ይበለኝ» ብላ በልቧ፣ ዋሸች። «ሥራ ፈልጌ ነው የመጣሁት።»

«እጅ ካለሽ ካልሲ ሞልቷል። ኒካኖራ እባላለሁ።»

«ልጆቹ በደንብ ይበላሉ?»

«ይበላሉ ብቻ! አንበጣ ይሻላል።»

«ይመቷቸዋል?»

«የምመታቸው እኔ ነኝ፣ ካልሲያቸውን ሳይገለብጡ ሲሰጡኝ!»

«ሊሳንድሮ የሚባል ሰው አለ ሲሉ ሰማሁ። ምን ዓይነት ሰው ነው?»

የኒካኖራ እጅ ገመዱ ላይ ቀረ።

«አበልጄ ነው» አለች። ቃሉን እንደ አጥንት ተፋችው።

ዶኛ ረፉሂዮ አጥሩን ያዘች። «አበልጅሽ?»

«ያን ልጅ ታዪዋለሽ?» ከሜዳው ዳር አንድ ረጅም ጎልማሳ የኳስ ከረጢት በጀርባው ተሸክሞ ያልፋል፤ ትንንሾቹ እየሮጡ በጎኑ ይመጣሉ፣ ይሄዳሉ። «የኔ ነው፣ ኤፍሬን። ሊሳንድሮ መጀመሪያ ካመጣቸው ልጆች ነው። ክርስትና አባቱም እሱ ነው፤ በገዛ እጄ ቅርጫት የሰጠሁት! ሌሎች እናቶችን፣ ልጃቸው የማይሆን ሲሆን በራቸው ሄዶ ‹አይሆንለትም፣ ውሰዱት› ይላቸዋል። ያለቅሳሉ፣ ይረግሙታል፣ ልጃቸውን ይዘው ይሄዳሉ። ልጁም ተምሮ ሙያ ይይዛል። እኔን አበልጁን እንዴት ይበለኝ? አሰልጣኞቹ ወደ ቤቱ ላከው ሲሉት ‹አንድ ዓመት ጨምሩለት› ይላል። እኔ ስጠይቀው ‹ደህና ነው፣ ጎበዝ ነው› ይለኛል። ዓይኔን እያየ! ደግሞ ሌላ ዓመት፣ ደግሞ ሌላ። ልጁ ኳስ ያበላኛል ብሎ ትምህርቱን ተወ። አሁን ይኸው፣ የሌሎችን ኳስ ይሸከማል። ባዕድ ቢሆን ኖሮ እውነቱን ይነግረኝ ነበር።»

ዶኛ ረፉሂዮ ተጠራጠረች። ይቺስ እንዲህ እንድትል ያስቀመጧት ብትሆን? ሴትየዋን ከላይ እስከ ታች አየቻት።

«ታዲያ ይሄን ያህል ካቃጠለሽ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

«ልጄ ያለው እዚህ ነዋ» አለች ኒካኖራ፣ ጥያቄው ራሱ ገርሟት።

ይሄን መልስ ማንም አያስጠናም።

ከኋላዋ እርምጃ ሰማች። ዘበኛው ነግሮት ሊሳንድሮ ግንቡን ዞሮ መጥቶ ነበር። ኒካኖራን ሲያይ ቆመ። ኒካኖራ ጀርባዋን ሰጥታው ካልሲ መስቀሏን ቀጠለች።

«ነገሩን ለምን አልነገርከኝም?» አለችው ዶኛ ረፉሂዮ።

«ምን ብዬ? የአበልጄን ልጅ አበላሸሁ ብዬ?» ድምፁ ዝቅ አለ። «ልጅዎ ጎበዝ ነው እሜቴ። ግን እዚህ ከሚገቡት የሚበዙት ይመለሳሉ። የሱ ቀን ከመጣ በርዎ ላይ ቆሜ የምነግርዎት እኔ ነኝ። ያን ቀን ሊረግሙኝ ይገባል። አበልጅ ደግሞ አይረገምም።»

ፊቱን መረመረችው። ደህና ፊት ነው፤ ደህና ፊት ግን ሰይጣንም አያጣም።

«አሁንም አላመንኩህም።»

«እሺ።»

«እሺ አትበለኝ፣ ስማኝ። ልጄ ቅዳሜ ቅዳሜ ቤቱ ይመጣል፣ እሑድ ከእኔ ጋር ያስቀድሳል። እኔም ደስ ባለኝ ቀን ሳልጠራ እመጣለሁ፣ በር አይዘጋብኝም። አይሆንለትም የተባለ ዕለት፣ በዚያው ዕለት ትነግረኛለህ። ትምህርቱን የተወ ዕለት ደግሞ ማንንም ሳልጠይቅ ጆሮውን ይዤ እወስደዋለሁ።»

«እስማማለሁ።»

«እኔም ያኔ እንዲህ ብዬ ቢሆን ኖሮ!» አለች ኒካኖራ ከካልሲዎቹ መሐል። ለማን እንዳለችው አልታወቀም።

የሜሮኑ ዕለት ጋማሊኤል አጠገብ የቆመው የኦቲሊያ ባል ነበር፤ ቁማርተኛው። ጠርሙሱን ከቅርጫቱ ውስጥ ገና በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ አወጣው። ሊሳንድሮ ከኋላ ወንበር ላይ እንደማንኛውም ሰው ተቀምጦ አስቀደሰ፣ ሰላም ብሎ ሄደ። ዶኛ ረፉሂዮ ከሰላምታ በላይ አልሰጠችውም።

ሰኞ ልጇን ራሷ ወሰደችው። በሩ ላይ ግንባሩን በመስቀል አማተበችለት፤ ሌሎቹ ልጆች እንዳያዩት እየተጣደፈ ሳማትና ገባ። ወደ ኋላ አልዞረም። ሊሳንድሮ ሊሸኛት ሲወጣ «ሂድ፣ ሥራህን ሥራ» አለችው። ግንቡን ዞራ፣ ከመንገዱ ማዶ በሽቦው አጥር በኩል ሜዳው የሚታይበት ዛፍ ሥር ሄዳ ተቀመጠች።

ከሰዓት በኋላ ልጆቹ ወጡ። የሷን ወዲያው ለየችው። አንዱ ገፍትሮ ኳሱን ቀማው፣ አሰልጣኙ ጮኸበት። ሳታውቀው ተነሥታ ቆመች። ጋማሊኤል ሮጦ፣ እግሩን አስገብቶ ኳሱን መለሰ፤ ቀና እንኳ ሳይል በማዶ ላለው ልጅ ሰደደለት። ተመልሳ ተቀመጠች።

«እሜቴ፣ አይሄዱም እንዴ?» አላት ዘበኛው መንገዱን ተሻግሮ። «አውቶቡሱ አልፏል እኮ።»

«ሌላ ይመጣል። ነገም እመጣለሁ።»

«ነገ ለወላጅ ዝግ ነው።»

«መቼ አስገባኝ አልኩህ? እኔ የማየው ከውጭ ነው።»