ዛሬ ቴፕ ነኝ

…እና ሚካኤልን ብዬ ብምል፣ ላዩ ላይ ወላሂ ብዬ ብደርብበት፣ መቼም የቀወት ሰው ግማሹ በዚህ ግማሹ በዚያ ነው የሚያምነው፣ በሁለቱም ብምል አንዳቸውም አያምኑኝም፣ ነገ ጌጤ ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ ትናንት ቴፕ ሆኜ ዋልኩ ስላቸው፣ ድሮስ መቼ ሰው ነበርክ ይሉኛል፣ ይበሉ፣ ነገ ሌላ ቀን ነው፣ አሁን ግን ነኝ፣ የወፍ መጠበቂያው ማማ ላይ በማዳበሪያ ጆንያ ተጋርጄ፣ በሆዴ ተኝቼ፣ ጉንዳን በቁምጣዬ ውስጥ ሠርግ እየደገሰ፣ ጨቅ፣ ሽሽሽሽሽሽ፣ ይኸው ጀመርኩ።

ሽሽታውን ሰው ይረሳዋል። እኔ አልረሳውም፣ ካሴት ከመናገሩ በፊት ይተነፍሳል፣ ጨቅ ይላል ቁልፉ፣ ከዚያ ሽሽ፣ ከዚያ ጋሽ አብዱልሰመድ አንዴ ይስላሉ፣ እህ እህ፣ ቢስሚላህ ይላሉ፣ ከዚያ ነው ሰማይ የሚቀደደው፣

ሃይይይይ! ሂዱ! ወደ አዋሽ ሂዱ! የሰው ላብ በላዎች! እናንት ክንፍ ያበቀላችሁ አይጦች!

ኧረ ጉሮሮዬ። ይሄ የሰው ድምፅ አይደለም የመድፍ ነው፣ ሰውየው እዚህ ማሽላቸው ውስጥ ቆመው ሲጮሁ ደብረ ሲና ገደሉ ላይ ያለ ዝንጀሮ እጁን አንስቶ ይማረክ ነበር፣ ውሸት ከሆነ ዝንጀሮውን ጠይቁት። ግሪሳ ወፍ የሚፈራው እሳቸውን ብቻ ነው፣ እኔ በራሴ ድምፅ ስጮህ ወፉ ዘወር ብሎ ያየኝና መብላቱን ይቀጥላል፣ እንዲያውም አንዱ የሳቀ መሰለኝ። ከዚያ ጉሮሯቸውን ያ በሽታ ያዛቸው፣ ድምፃቸው በየቀኑ እየሳሳ ሲሄድ አንድ ቀን የድሮ የመንዙማ ካሴት አወጡና ቴፑ ውስጥ ከትተው፣ ድምፄ ከእኔ ቀድሞ ሊሞት ነው፣ ማሽላው ግን ሁልጊዜም ይዘራል፣ አሉና ቀዩን ቁልፍ ተጫኑ፣ መንዙማው ላይ ጮሁበት። ባለፈው ክረምት ሞቱ፣ አላህ ይማራቸው። ሚስታቸው እትዬ ፋዲላ ቴፑን ማማው ላይ ሰቀለችው፣ ከሞንታርቦ ጋር ገጠመችው፣ ባትሪውን ፀሐይ ላይ ሞላችው፣ ሟች ወፍ ይጠብቃሉ።

ድም፣ ድም፣ ድድም። ይሄ በጣቴ ጄሪካኑን ነው፣ በሁለት ጩኸት መሃል የድሮው መንዙማ ከበሮ ከሥር ብቅ ይላል፣ ሙሉ በሙሉ አልጠፋማ። ይህንንም አልረሳሁም። እኔን ፊደል ማን አስቆጠረኝ፣ ማንም፣ ጆሮዬ ግን የሰማውን አይጥልም፣ የጥንቱን የከተማውን ስልክ ልጥራ፣ ቂሪሪሪሪንግ፣ ሀሎ ሀሎ ሸዋ ሮቢት፣ መስመር ይጠብቁ፣ አይዝጉ፣ አንዴ ጌጤ ሻይ ቤት ቂሪሪንግ ብዬ ሻይ የሚጠጣው ሁሉ ብድግ አለ፣ አንዱ ሽማግሌ ብርጭቆውን ጆሮው ላይ ለጥፎ ማን ልበል አለ። ሬዲዮን ጥሩኝ፣ ፊዩዩዩው ዝዝዝዝ፣ ጤና ይስጥልን የተከበራችሁ አድማጮቻችን፣ አሁን የምናቀርብላችሁ ዝዝዝዝ፣ ያ አጭር ሞገድ ዜናውን አሰምቶኝ አያውቅም፣ ፉጨቱን ግን አንድ በአንድ ይዤዋለሁ። ዛሬ ሁሉም ተች ስልክ ይዟል፣ ተች ምን ድምፅ አለው፣ ትክ አይል ጨቅ አይል፣ እንደ ሌባ ነው፣ ምኑን ልምሰለው።

ሽሽሽሽ። ቆይ፣ ከታች ኮቴ ሰማሁ፣ ጫማ ነው፣ የከተማ ጫማ።

ኢብራሂም። ልጃቸው። ልጅ ሆኖ እዚሁ ማማ ላይ ወፍ ሲጠብቅ እንቅልፍ የሚጥለው፣ ዛሬ ደብረ ሲና ብርድ ልብስ የሚያከፋፍለው፣ ብርድ ባይኖር ይከስር የነበረ ሰው። ትናንት አይሱዙ ይዞ መጣ፣ መኪናው ይኸውና ከአስፋልቱ ዳር ባዶ ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል፣ የእትዬን አልጋ፣ የእትዬን ፍየሎች፣ እትዬን ራሷን ጭኖ ሽቅብ ሊወጣ፣ ያን ጉም ወደሚውልበት፣ ሰው እርስ በርሱ በሳል ወደሚተዋወቅበት አገር፣ ቆላ የኖረ አጥንት እዚያ ምን ይሆናል፣ እንደ ጀበና ነው የሚሰነጠቅ።

ምን አጠፋች ብትሉኝ፣ አቤት አለች።

ነገሩ እንዲህ ነው፣ ካሴቱ ውስጥ፣ ስድቡ ሲበርድ፣ ጋሽ አብዱልሰመድ ድንገት ሚስታቸውን ይጠራሉ፣ ፋዲላ ሆይ! ውሃ! ይላሉ፣ ጉሮሯቸው ደርቆ ነው መሰለኝ፣ ቴፑን ማጥፋቱን ረስተው፣ እሱም አብሮ ተቀዳ። እና እሷ፣ በየቀኑ፣ ያቺ ቦታ ስትደርስ፣ የያዘችውን ትጥላለች፣ አቤት ትላለች፣ ጆጉን ሞልታ ማሽላውን ሰንጥቃ ትመጣና ማማው ሥር ታስቀምጣለች። ካሴቱ ሲያልቅ ውሃውን እዚያው ታፈሰዋለች። ማማው ሥር ዱባ በቅሏል፣ የዝሆን ግልገል የሚያህል ዱባ፣ ማንም ሳይተክለው። አገር ሳቀ። መጀመሪያ የሳቅኩት እኔ ነኝ፣ ሥራዬ ነው፣ ከዚያ አንድ ቀን መንገድ ላይ አግኝቻት እትዬ፣ ቴፕ እኮ ነው አልኳት፣

አንተ ደግሞ፣ ቴፕ መሆኑን አጣሁት? አለችኝ፣ ታዲያ እሳቸው ሲጠሩኝ ቁጭ ብዬ ልስማ? ቁጭ ብዬ ሰምቻቸው አላውቅም።

ይኸው ነው ያለችው። ከዚያ ወዲያ ስለ ዱባው አልቀለድኩም፣ ማለት ቀለድኩ፣ ግን ቀነስኩ።

ሃይይይይ! ከዚያ ጥግ! ከዚያ ጥግ ውጡ! ሳይዘሩ የሚያጭዱ!

ወሬው ዳገቱን ወጥቶ ልጇ ጋ ደረሰ፣ ትናንት መጥቶ ምን አላት፣ ጎረቤት ሁሉ ሰምቷል፣ እማ፣ ለካሴት አቤት የሚል ሰው ብቻውን አይተውም፣ ሰው ሳቀብን፣ ነይ ከኔ ጋር። እሷ ደግሞ ማሽላዬ እሸት ነው፣ ወተት ቋጥሯል፣ ለወፍ ጥዬ የትም አልሄድ። ተከራከሩ፣ ተከራከሩ፣ መጨረሻ ላይ፣ እሺ፣ አለ፣ ቴፑ የጠበቀልሽን ያህል ቆዪ፣ ቴፑ ያልጮኸ ቀን ግን ወፍ ለሚበላው እርሻ ብለሽ አትቀሪም፣ እጭንሻለሁ።

እሺ አለች። እና ማታውኑ ቴፑ ካሴቱን በላው።

ሙቀቱ ነው፣ የይፋት ሙቀት ድንጋይ ያቀልጣል፣ ካሴትማ። ክሩን እንደ ዶሮ አንጀት በመዳፏ ይዛ መጣች፣ ደሳለኝ፣ እስቲ እየው። በእስክሪብቶ ጠቀለልኩት፣ የተበጠሰውን በኩቴክስ አጣበቅሁት፣ ከፈትነው፣ ውውውው ዋዋዋ፣ ሰው ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ ውሃ ሲጉመጠመጥ፣ ከዚያ ኩርፍ፣ ደግሞ በላው። ሁለታችንም ቴፑን አየነው፣ እንዲህ ያለ ሆዳም ዕቃ አይቼ አላውቅም። ከዚያ እሷ ናት፣ አንተ የማትመስለው የለም፣ አለችኝ፣ ልጄ እስኪሄድ፣ እሸቱ ደርቆ ወፍ እስኪተወው፣ ቴፕ ሁንልኝ።

እሆናለሁ አልኩ፣ መቼ እንቢ ብዬ አውቃለሁ።

ያችን ብቻ እንዳትላት።

የትኛዋን? አልኩ፣ እያወቅሁ።

እኔን እንዳትጠራኝ፣ አለች፣ ያቺ ጥሪ የሳቸው ናት።

ሽሽሽሽሽ። እና አልጠራትም፣ ይኸው ቦታዋ እየደረሰች ነው፣ ከስድቡ ቀጥሎ፣ ከከበሮው በፊት፣ ምላሴ ላይ መጥታ ቆማለች፣ ምላሴ ደግሞ ታውቁታላችሁ አያውቅም መቆም፣ ፋ፣ ዋጥኩት፣ ሽሽ ብቻ አልኩ፣ ሽሽሽሽ፣ በጆንያው ቀዳዳ አያታለሁ፣ ቁርቁራው ዛፍ ጥላ ሥር ቆማለች፣ ጆጉ በእጇ ነው፣ አንድ እግሯ ተነሳ፣ ተመለሰ። ኢብራሂም ስልኩን ደቅኖባታል፣ ለካ ሊቀርጻት ነው የመጣው፣ ለእህቶቹ ሊያሳይ፣ ይኸው እናታችን ብሎ፣

እማ፣ ዛሬ አልጠራሽም እንዴ?

ዛሬ አልጠማቸውም።

እማ! የሞተ ሰው አይጠማውም!

እኔስ ምን አልኩህ።

ሳቄ መጣ፣ ያዝ ያዝ፣ ቴፕ አይስቅም፣ ጡጫዬን ነከስኩ፣ ሳሉን አስገባሁ፣ እህ እህ፣ ሃይይይ! የሰው ላብ በላዎች! ኢብራሂም ቀና አለ፣ ጆሮውን ቀሰረ፣ ይሄ ቴፕ ግን ዛሬ እንዴት ጠራ፣ አባ አጠገቤ ያሉ ነው የሚመስለኝ አለ። ወይ ጉዴ፣ በጣም አሳምሬዋለሁ፣ እንግዲያው ባትሪ ይድከም፣ ሃ…ይ…ይ፣ የ…ሰ…ው፣ ላ…ብ፣ እንደ ጠገበ በሬ እየጎተትኩ፣ ክርክር አከልኩበት፣ ድርቅ ብሎ የቀረ ጉሮሮዬ ክርክሩን በነፃ ሰጠኝ፣ ከሞንታርቦው ነቅዬ የምጮህበት ቆርቆሮ ከንፈሬን ጠበሰው፣ ፀሐይዋ ደግሞ ጀርባዬ ላይ ቂጣ ትጋግራለች፣ ውሃ፣ ወይኔ፣ እውነትም ሰውየው ቢጠሯት አይፈረድባቸውም።

መጡ።

ከራሳ ቆላ በኩል፣ ግሪሳው፣ ጥቁር ደመና ነው ብዬ ነበር ደመና ግን አይታጠፍም፣ ይሄ ታጠፈ፣ ተዘረጋ፣ ደግሞ ታጠፈ፣ ክንፉ ጣቢያ ያጣ ሬዲዮ ነው፣ ዝዝዝዝዝዝ፣ ካያቸው ሰው ይልቅ የሰማቸው ሰው ነው የሚፈራ፣ አንድ ጊዜ ከወረዱ አገዳው ብቻ ነው የሚቀር፣ አገዳ ከቀረ እትዬ አይሱዙው ላይ ናት። ሃይይይይይ! ወደ አዋሽ! ሃይይይይ! ባትሪ መድከሙን ረሳሁት፣ ይረሳ፣ ክንፍ ያበቀላችሁ አይጦች! ታጠፉ! ዞሩ! አሰናበትኳቸው! ደግሞ ተመለሱ፣ ሃይይይይ! ሳይዘሩ የሚያጭዱ! ድም ድም ድድም! ሃይይይይ! የራሴንም ስድብ ጨመርኩ፣ የጋሽ አብዱልሰመድ ያልሆነውን፣ ስለ እናታቸው፣ ሰውየው ጨዋ ነበሩ ይቅር ይበሉኝ፣

ይሄ ካሴት አያልቅም እንዴ? አለ ኢብራሂም።

ወይኔ።

ወይኔ ደሳለኝ፣ ካሴት እኮ ያልቃል! ሁሉን አስታውሼ፣ ሽሽታውን፣ ሳሉን፣ ከበሮውን፣ ማለቁን ረሳሁ፣ ካሴት ገጽ አለው፣ ገጹ ሲያልቅ ሰው ወጥቶ ይገለብጠዋል፣ ካሴት እንደ ቂጣ ነው፣ እኔ ግን ከገጽ በላይ ጮኼያለሁ፣ ምን ልሁን፣ ልለቅ፣ ጨቅ። አልኩ። ዝም አልኩ።

ዝምታው ከጩኸቱ ባሰ። ወፎቹም ሰሙት፣ የላይኛው ጥግ ላይ አንዱ ወረደ፣ ሁለተኛው ወረደ፣ ከዚያ እንደ ዝናብ።

አለቀ፣ አለ ኢብራሂም፣ ቆይ ልገልብጠው።

ተወው፣ አለች እትዬ ፋዲላ፣ ተወው እኔ እገለብጠዋለሁ፣ መሰላሉ ሱሪህን ያበላሸዋል።

አንቺማ አትወጪም፣ ብትወድቂስ? ደግሞ ወፉ እየበላ ነው አታይም?

ልጄ፣ ተው፣ ቴፑ ሰው አይለምድም፣

እማ! ሰው አይለምድም? ቴፑ? ሰማሽው አሁን ያልሽውን?

መሰላሉ ጫ አለ። ደግሞ ጫ። ምን ላድርግ፣ ይጠቅለል፣ ዊዊዊዊዊዊዊ፣ ካሴት ወደ ኋላ ሲጠቀለል የሚያሰማውን፣ ከንፈሬን አሹዬ፣ ዊዊዊዊዊ፣ ኢብራሂም ቆመ፣ በራሱ ይጠቀልላል እንዴ? አለ፣ አባ መቼ ነው ይህን ያሠሩት? እና ይኸው ባሰ፣ ይበልጥ ሊያየው ጓጓ፣ ጫ፣ ጫ፣ ዝለል ብል ዱባው ላይ ነው፣ የዝሆኑን ግልገል አፈርጠዋለሁ፣ ልደበቅ ብል ጆንያው ከቁምጣዬ አይበልጥም፣ ሽንት ሽንት አለኝ፣ ሁሉም አለኝ፣ እትዬ ከታች እጇን አፏ ላይ ጭናለች፣ አይሱዙው እዚያ ቆሟል፣ ወፉ እዚያ ይበላል፣ ዝዝዝዝዝ፣ ጣቶቹ መጡ፣ በእርከኑ እንጨት ላይ፣ አራት ወፍራም ጣት፣ ቀለበት አለው አንዱ፣ አሁን ራሱ ይመጣል፣ አሁን ዓይን ለዓይን፣ ቴፑ ደሳለኝ መሆኑን ያያል፣ አለቀ፣ እና እኔ አይደለሁም፣ ሚካኤል ምስክሬ ነው እኔ አላሰብኩትም፣ አፌ ነው፣ አፌ በራሱ፣ ካሴቱ ላይ የሌለውን፣ በዚያ በመድፉ ድምፅ፣

አንተ ኢብራሂም! ተኛህ እንዴ?! በላይ በኩል ገቡልህ እኮ!

ጣቶቹ ጠፉ። ስልኩ ዱባው ቅጠል ውስጥ ሲወድቅ ሰማሁ፣ ጫማ መሬት ሲመታ ሰማሁ፣ በቀዳዳው አየሁ፣ ሚስት ያለው፣ ሱቅ ያለው፣ ቦርጭ ያለው ሰውዬ፣ በተተኮሰ ሱሪው ማሽላውን ሰንጥቆ፣ ጓል በሁለት እጁ እያነሳ፣ በላይ በኩል ወዳሉት ወፎች እየሮጠ፣ ዞር እንኳ ሳይል፣

አባ፣ ወላሂ አልተኛሁም!