የተፈቀደው ጨርቅ

እትዬ ፈንታዬ መካነ ሰላም ውስጥ ጨርቅ መሸጥ ከጀመሩ ሃያ ዓመት አልፏቸዋል። በፋሲካ ሰሞን ሱቃቸው ተዘግቶባቸው ግን አያውቅም። ዘንድሮ የኮሮና ግብረ ኃይሉ ተጠሪ ይሄነው በራቸው ላይ ወረቀት ለጥፎ፣ "ከምግብና ከመድኃኒት በቀር ሁሉም ይዘጋል" ብሏቸው ሄደ። ጎረቤታቸው ጨው እየቸረቸረ እሳቸው የልጅ ቀሚስ እንዳይሸጡ መከልከላቸው አንጀታቸውን አሳረረው። "በሽታውን የሚያመጣው የኔ ጨርቅ ነው እንዴ?" እያሉ ሦስት ሳምንት ሙሉ ቢሮው ደጅ ጠኑ።

በአራተኛው ሳምንት ይሄነው ራሱ ቤታቸው ድረስ መጣ። ማስኩን እንዳጠለቀ ከአጥሩ ውጭ ቆመ።

"እትዬ፣ ተፈቅዶልዎታል። ዛሬውኑ ይክፈቱ።"

"ተመስገን! ቀሚሱንም ሻሹንም?"

"እሱ ይቆይ። የተፈቀደው አቡጀዴ ብቻ ነው።"

እትዬ ፈንታዬ ክው አሉ። አቡጀዴ ሊገዛ የመጣ ሰው አንድም ቀን ስቆ ገብቶ አያውቅም፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም የሚወስደው ለሬሳ መገነዣ ነው።

"ማን ሞተ?"

"ኧረ ማንም አልሞተ። አገሩ ሰላም ነው።" ይሄነው ዓይናቸውን ሸሸ። "ስንት ጣቃ አለዎት?"

"ሦስት።"

"አይበቃም። ከደሴ ሠላሳ ያስጭኑ፤ መኪናው ኬላ ላይ እንዳይያዝ ደብዳቤ ጽፈናል።"

እትዬ ፈንታዬ ከአንገታቸው የሱቁን ቁልፍ አውልቀው ወረወሩለት።

"እንካ! ወረቀትህን መልሰህ ለጥፍ። እሸገው!"

ይሄነው ቁልፉን ከመሬት አንስቶ አቧራውን ጠረገና በአጥሩ ላይ መልሶ ዘረጋላቸው።

"አይሆንም፣ እትዬ። የእርስዎ ሱቅ ከእንግዲህ አንድ ቀን እንኳ እንዲዘጋ አይፈቀድም።"